ጠጅ የለመደ ማሰሮ

በ1984 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ዓመቱን የማስታውሰው መንግሥት የተለወጠ ማግሥት ስለሆነ አይደለም፤ እኔ የመንግሥት ሰው ሆኜ አላውቅም። የማስታውሰው በዚያ ዓመት አንድ ሰው እያየሁ ስለጎዳሁ ነው። እያየሁ ስል እያወቅሁ ማለቴ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ አንዲት ነርስ ናት። ባለፈው ወር የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ሲስተር ገና ስታየኝ ከወረፋው አውጥታ አስገባችኝ። ለሽምግልናዬ አዝና መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፈልጋኝ ነው። ከመጠጥ ጋር የሚታገሉ፣ ጭንቀት የያዛቸው፣ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ረቡዕ ረቡዕ ከኋላ ባለው ክፍል እየተሰበሰቡ ይነጋገራሉ አለችኝ። ሐኪም ብቻውን አይበቃቸውም፣ መንገዱን አልፎ የመጣ ሰው አብሯቸው ቢቀመጥ ይሻላል አለች።

«ጋሼ ሞላ፣ እርስዎ አቻ ደጋፊ ቢሆኑልን።»

«የምን አቻ? የእኔ አቻ አንድ በአንድ ተቀብሮ አለቀ።»

ሳቀች። ልጅቱ ስትስቅ እንቢ ማለት ይከብዳል፤ ተቀመጥሁ። ወረቀት አወጣችና ትጠይቀኝ ጀመር።

«መጠጥ ሲተዉ ምን ረዳዎት?»

«ሰው።»

ጻፈች። «ያስቸገረዎትስ?»

«እሱም ሰው።»

ብዕሯን አነሣች። «እንዴት ማለት?»

«ረጅም ነው» አልሁና መድኃኒቴን ይዤ ወጣሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ ተከትሎኝ ገባ። እንግዲህ እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ያውም ግማሹን ቀርቼ። ያነበበ ሰው ይታገሠኝ።

እኔ የደቅ ልጅ ነኝ። ከታላቅ ወንድሜ ከደምሴ ጋር ከደሴቱ እንጨት በታንኳ እየጫንን ባሕር ዳር እናመጣ ነበር። የጣና ነፋስ የሚከፋው ከቀትር በኋላ ነው፤ ይህን የማያውቅ የደቅ ሕፃን የለም። አንድ የመጋቢት ቀን ዘገየን። ዘገየን አልሁ እንጂ ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ሸክም እንጨምር ብዬ። ታንኳው ተገለበጠ። እኔ ከታንኳው የተፈታ አንድ እስር ደንገል አቅፌ ወጣሁ። ደምሴ አልወጣም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ወደ ደቅ አልተመለስሁም። ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ሸክም ገባሁ። ቀን ማሽላና ሲሚንቶ መሸከም፣ ሲመሽ አረቄ። ሰው ሐዘን ነው ብሎ ያዝንልኝ ነበር። ሐዘን አልነበረም። ሐዘን ቢሆን አለቅስ ነበር። ጥርስ ሲነቀል ሐኪሙ መርፌ ይወጋህና ድድህ የሌላ ሰው ድድ ይመስልሃል አይደል? እንደዚያ ነበር መላ አካሌ። ዓሣ ስበላ ዓሣ ዓሣ አይለኝም፤ ሚጥሚጣው አያቃጥለኝም። ሲሚንቶ ትከሻዬን ልጦት ደሙን ሰው ነው የሚያሳየኝ። አረቄው ሲወርድ ብቻ ይታወቀኛል። እሷኑ መታወቋን ፈልጌ ነው የምጠጣው።

አጎቴ ይህን ሰምቶ ከደቅ መጣና በገመድ አስሮ ጠበል ወሰደኝ። ጠበሉ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ከዘንዘልማ ወዲያ ነበር። ያን ጊዜ ዘንዘልማ እንዲህ እንደዛሬው ቆርቆሮ በቆርቆሮ አልሆነችም፤ የጤፍ ማሳ ናት። ባጃጅ የሚባል ነገርም አልነበረም፤ በእግር ነው። ሦስት ወር እዚያ ተቀመጥሁ። ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛው ውኃ ሲወርድብኝ ሌላው ይጮኻል፤ እኔ ዝም። በጠበሉ የሚያጠምቁት አባት «ይኼ ሰይጣን ዲዳ ነው» ይሉኝ ነበር።

እዚያ ነው ከሦስቱ ሰዎች ጋር የተዋወቅሁት። አንዱ ሃምሳ አለቃ ይመር ነው፤ ጦሩ ሲበተን በእግሩ ከሰሜን የመጣ ወታደር። ተኝቶ ይተኩሳል። መሣሪያ የለውም፣ በአፉ ነው የሚተኩስ። ሁለተኛዋ እትዬ ጥሩ ናቸው፤ አረቄ ቤት ነበራቸው። ለደንበኛ ሲቀዱ ለራሳቸውም እየቀዱ ቆይተው መጨረሻ ላይ ደንበኛው እየቀነሰ የሚጠጣው አልቀነሰም። ሦስተኛው መሪጌታ ልሳኑ ናቸው። ነገሬ ስለ እሳቸው ነው።

መሪጌታ ድምፅ ነበራቸው። ከሐይቁ ዳር ካለ አንድ ትልቅ ደብር ማኅሌት ይመሩ ነበር። አባታቸውም፣ የአባታቸው አባትም እዚያው ነው የመሩት። አንድ በዓል ላይ ጠጥተው ገብተው ከነመቋሚያቸው ወደቁ። ሕዝብ አየ። ከቦታቸው ተነሡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ ልብሳቸውን ጠቅልለው አንበሳሜ እናታቸው ቤት ገቡ። መሪጌታ ይህን ሲያወሩ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወሩ ይመስላሉ። ስለዚህ ነው መሰለኝ የወደድኋቸው። ሁለታችንም ከራሳችን ራቅ ብለን የተቀመጥን ሰዎች ነበርን።

በኅዳር መጨረሻ ከጠበል ስንወጣ የደብሩ አስተዳዳሪ መሪጌታን አስጠሩ። «ስድስት ወር» አሏቸው። «ስድስት ወር መጠጥ አፍህን ካልነካው፣ በግንቦት የመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝብ ፊት ቦታህን እመልስልሃለሁ። ጠላም መጠጥ ነው።» ወይዘሮ እናኑም ከአንበሳሜ ላኩባቸው፤ ስሙ ሲጠራ በጆሮዬ ከሰማሁ ያን ቀን አብሬው ቤቴ እገባለሁ ብለው።

ስድስት ወር ቀላል ይመስላል። የኛን አገር ለሚያውቅ ግን አይደለም። ሰርግ አለ፣ ተዝካር አለ፣ ማኅበር አለ። በማኅበር ላይ የቀረበ ጽዋ እንቢ ማለት ሰውየውን እንቢ ማለት ነው። ሐኪም ከልክሎኛል ብትል «ይቺን ብቻ» ይሉሃል። ተገዝቻለሁ ብትል «ቄሱ ይፍቱህ» ይሉሃል። ሰው በክፋት አይደለም፤ ስለሚወድህ ነው። መሪጌታ ታዲያ አንድ ነገር አሰቡ፦ የራሳችንን ማኅበር እንጠጣ፣ ጽዋው ግን ብርዝ ይሁን። ማር በውኃ ተበጥብጦ ሳይነሣ፣ ጠጅ ሳይሆን የሚጠጣ።

የማን ማኅበር ይሁን ተብሎ ጠብ ተነሣ። ሃምሳ አለቃ ጊዮርጊስ አለ። እትዬ ጥሩ ማርያም አሉ። ሦስት ቀን ተኮራረፉ። በመጨረሻ መሪጌታ «የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ይሁን፤ ቅዱሳኑ የተመቻቸው ይመጣሉ» ብለው ገላገሉን። የሰፈር ሰው የእብዶች ማኅበር ይለን ነበር። እኛም ሲብስብን እንደዚያው እንል ነበር።

በዚህ ማኅበር መምከር ክልክል ነው። ምክር ሁላችንም ጠግበናል። የጠማው ሰው ሄዶ የሌላውን በር ይመታል፤ ያኛው ይወጣል፤ በቃ። እኔ ሃምሳ አለቃ ዘንድ ስሄድ ወደ ሐይቁ ዳር ያወጣኝና «ግራ! ቀኝ! አንተ ጉማሬ፣ ደረት ወደፊት!» እያለ ያስረግጠኛል። ዓሣ አጥማጆቹ ይስቁብናል። ጀምበር እስክትጠልቅ እንዲያ እንሄዳለን። ስንመለስ ጥሙ አይጠፋም፤ እግሬ ግን አረቄ ቤት የሚያደርስ አቅም አይኖረውም። መሪጌታ ዘንድ የሄድሁ እንደሆነ ደግሞ ዝም ብለው መጽሐፋቸውን ያነባሉ። እኔ ግድግዳውን አያለሁ። አንዳንዴ «አለህ?» ይላሉ። «አለሁ» እላለሁ። ከዚያ ያነባሉ።

ሌላው ሕግ የባላገሩ ሁሉ ሕግ ነው፦ ባለተራው ጽዋውን በመዳፉ ቀድቶ ቀድሞ ይቀምሳል። ጥንት መርዝ አለመኖሩን ማሳያ ነበር ይላሉ። በኛ ማኅበር ግን ብርዙ ብርዝ መሆኑን ማሳያ ነው። ቀምሶ «ጥሩ ነው» ሲል እኛ እንጠጣለን።

የግንቦት ተራ ለእኔ ወጣ። በማግሥቱ እሑድ መሪጌታ የሚጠሩበት ነው። አጎቴ ከደቅ ነጭ ማር ላከልኝ። ወንደላጤ ነኝ፤ ማሰሮ የለኝም። ጎረቤቴ ለሰርግ ጠጅ የምትጥል ሴት ናት፤ እሷን ጠየቅሁ።

«ለምን ፈለግኸው?» አለችኝ።

«ለውኃ።»

ብርዝ ነው ብላት ትስቃለች ብዬ ነው። የእብዶች ማኅበር ብላ ለመንደሩ ታወራብኛለች ብዬ። ለምን እንደፈለግሁት ብነግራት ኖሮ «ይኼማ ጠጅ የለመደ ነው፣ ብርዝህን ያስነሣብሃል» ትለኝ ነበር። ሴት ልጅ ሁሉ የምታውቀውን እኔ አላውቅም ነበር። ማሰሮ ቢታጠብ፣ በግራዋ ቅጠል ቢፈተግ፣ የለመደውን በሆዱ ይይዛል።

ሐሙስ በጠበጥሁት። እንዲያርፍ ብዬ አፉን በጨርቅ አስሬ ጥግ አስቀመጥሁት። የግንቦትን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ሊጥል ሊጥል እያለ ሳይጥል ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል። ቅዳሜ ቀትር ላይ ጨርቁን ስፈታ ነጭ አረፋ ቆሟል። በጆሮዬ ሲንሾካሾክ ሰማሁት።

በጭልፋ ቀመስሁ። ምላሴን ወጋኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የጻፍሁት ለምንድን ነው። ሲወጋኝ ታወቀኝ። ዘጠኝ ወር ያልተሰማኝ አካሌ ተሰማኝ። ጉሮሮዬ የኔ ሆነ፣ ደረቴ የኔ ሆነ። ጭልፋውን ጨረስሁት። ከዚያ ማሰሮው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ድፋው አልሁ ለራሴ። ድፋውና ውኃ አቅርብላቸው። ደግሞ መልሼ፣ የአጎቴ ማር፣ ሰው ምን ይላል፣ ትንሽ ነው የተነሣው፣ ብርዝም እኮ አንዳንዴ ይወጋል አልሁ። ፍርሃት እንኳ አልነበረብኝም። ቢኖርብኝ ደግ ነበር። ዝም ብዬ ጊዜው ሲሄድ አየሁት፤ ታንኳ ሲያልፍ ዳር ቆሞ እንደሚያይ ሰው።

እንደተቀመጥሁ በሩ ተንኳኳ።

«አንተ ጉማሬ! ቤትህ ከምሽግ ትጠባለች እኮ!» ሃምሳ አለቃ ነው። ጎንበስ ብሎ ገባ። ቀጥለው መሪጌታ፤ ነጭ ጋቢያቸው ታጥቦ። እትዬ ጥሩ የተጠበሰ ዓሣ በሰፌድ ይዘው መጡ፤ ያን ጊዜ ወደቡ ላይ ዓሣ እየጠበሱ ይሸጣሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። አፍንጫቸውን ያነሡ መሰለኝ። ከዚያ ገቡና ተቀመጡ።

መሪጌታ ጸሎት አደረሱ። ዳቦው ተቆረሰ። ተነሥቼ ከማሰሮው ወደየጽዋው ገለበጥሁ። በመዳፌ ቀዳሁ። ሦስቱም ያዩኛል። ጠጣሁ።

«ጥሩ ነው» አልሁ።

ሁለት ቃል ናት። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ከዚያች የምትከብድ አላውቅም።

መሪጌታ ተቀበሉ። አንድ ጉንጭ ወሰዱና ቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ወደ ዓሣው አየሁ። ከዚያ ቀሪውን ጠጡትና ጽዋውን መልሰው ዘረጉ። ቀዳሁላቸው።

ሃምሳ አለቃ አንድ ጠጣና ሳቀ። «ይቺ ብርዝ ሰላምታ ታውቃለች!» አለ። ማንም አልሳቀለትም። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ጽዋውን አስቀመጠና ተነሣ። «የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ።»

«ቅዳሜ?» አሉ እትዬ ጥሩ።

«ቅዳሜ» ብሎ ወጣ። ሲሄድ በመስኮት ይታየኝ ነበር፤ ብቻውን ግራ ቀኝ እያለ ወደ ሐይቁ ወረደ።

እትዬ ጥሩ ከንፈራቸውን ብቻ አስነክተው ጽዋቸውን ከተቀመጡበት ዱካ ሥር አኖሩ። መሪጌታ አራተኛውን ጨረሱ። ፊታቸው ፈካ። ከዚያ ያዜሙ ጀመር። በጠበሉም፣ በማኅበሩም አንድ ቀን ዜማ አውጥተው አያውቁም ነበር፤ ቦታዬ ሳይመለስ አላዜምም ብለው ነበር። ጎረቤቶች ከየቤታቸው ወጥተው ደጃፌ ላይ ቆሙ። ማሰሮውን ያዋሰችኝ ሴት በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። እትዬ ጥሩም ያለቅሳሉ፤ ለዜማው ይሁን ለሌላው አላውቅም። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። ጥሩ ዜማ እንደሆነ አውቃለሁ። ማወቅ ብቻ።

ሲጨርሱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ነገ እንገናኝ። እናኑም ትመጣለች» አሉና ወጡ። አልተንገዳገዱም። መጠጡ ያን ያህል የጠነከረ አልነበረም።

እትዬ ጥሩ ተነሥተው ማሰሮውን በሁለት እጃቸው አቀፉት።

«ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«እርስዎስ?»

«ሃያ ዓመት የጠመቅሁ ሴት ነኝ። ከበሩ ላይ ነው የሸተተኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«የሰው ቤት ገብቼ የቀረበልኝን ላነውር?» አሉ። ያሉት ለራሳቸውም የከበዳቸው መሰለኝ። ማሰሮውን ጓሮ አውጥተው ገለበጡት። የጎረቤት ዶሮዎች መጥተው ጠጡት። እትዬ ጥሩ ዓሣቸውን ሳይበሉ ሄዱ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብል ያምርልኝ ነበር። ተኛሁ። እንዲያውም ደህና ተኛሁ።

ባለፈው ረቡዕ ጤና ጣቢያው ሄድሁ። ሲስተር ካለችው ክፍል ሰባት ሰው ተቀምጧል። አስተማሪ ነኝ ያለ አለ፤ ፋብሪካ የሚሠራ አለ፤ አንዲት ልጆቿን ጥላ ሆስፒታል ተኝታ የወጣች ሴት አለች፤ ከዘንዘልማ የመጣ ባጃጅ ነጂ አለ። ምን ልንገራቸው? ምክር አላውቅም። ይህንኑ እስካሁን የጻፍሁትን ነገርኋቸው። አንዳንዱ መሬት መሬት ያያል። ስነግራቸው አንድ ነገር ገባኝ፤ ከነገሩ ሠላሳ ዓመት በኋላ። አራት ሰዎች ነበርን። አራታችንም አወቅን። አራታችንም ዝም አልን። ከመካከላችን አንድ የመሪጌታ ጠላት ቢኖር ኖሮ፣ እየሳቀ ጠጅ ነው ይላቸው ነበር። የሚወዷቸው ሰዎች ስለነበርን ነው ያላልናቸው። አብሮ መቀመጥ ደግ ነው፤ ያለ እሱ እኔ ዛሬ የለሁም። አብረው የተቀመጡ ሰዎች ግን መከባበር ሲያበዙ አንዱን ይገድላሉ። ይህ ነው በሲስተር ወረቀት ላይ አልገባ ያለኝ።

ባጃጅ ነጂው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ በማግሥቱስ?» አለኝ። «ተጠሩ አልተጠሩም?»

በማግሥቱ ማልጄ ተነሣሁ። ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ደብሩ ሄድሁ። ሐይቁ ረግቶ ነበር። ቅዳሴ ገብቷል። መሪጌታ ከአጥሩ ውጭ ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።

«አልገቡም?»

«አልገባሁም።»

«ማታ ሌላ ቦታ ሄዱ?»

«ሦስት ደጃፍ ላይ ቆሜ ተመለስሁ። አንተ ቤት የጠጣሁት ግን አለ።»

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። «መሪጌታ፣ ሳትመጡ ቀምሼዋለሁ። እያወቅሁ ነው ጥሩ ነው ያልሁ።»

እንዲሰድቡኝ ጠበቅሁ። እሳቸው መቋሚያውን በጣታቸው ይደባብሳሉ። «እኔም በመጀመሪያዋ ጉንጭ አውቄአለሁ» አሉ። «ካንተ አፍ ጥሩ ነው የሚለውን ስሰማ፣ ጥፋቱ የሞላ ነው ብዬ ነው የቀረውን የጠጣሁት። እንዲህ ያለ ምቹ ሰበብ ስድስት ወር ሙሉ አላገኘሁም ነበር።»

«ማንም አያውቅም እኮ» አልሁ። ለምን እንዳልሁት እንጃ።

ፊታቸውን ወደ አጥሩ በር መለሱ። ከግቢው ውስጥ፣ ከሴቶቹ ወገን፣ ወይዘሮ እናኑ ቆመው አየሁ። መሪጌታ ልከውኝ አንበሳሜ ድረስ ሄጄ አይቻቸው አውቃለሁ። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ያን ነጠላ ሳይ ተነሣሁ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና አስተዳዳሪውን ከደወሉ ቤት አጠገብ አገኘኋቸው።

«አባታችን፣ ትናንት መሪጌታን ጠጅ ያጠጣሁ እኔ ነኝ። ብርዝ ነው ብዬ ነው የሰጠኋቸው።»

«እሱስ የት አለ?»

«ውጭ።»

«ጥራው።»

መሪጌታ ገቡ። መስቀል ተሳለሙ። አስተዳዳሪው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሳታውቅ ነው የጠጣኸው?» አሏቸው። በሩን ከፈቱላቸው ማለት ነው፤ አዎ ቢሉ ያልቃል። እኔም አዎ እንዲሉ ፈለግሁ።

«የመጀመሪያዋን ጉንጭ ሳላውቅ» አሉ መሪጌታ። «የቀረውን አውቄ።»

«እንግዲያ ዛሬ አትጠራም። ከዛሬ ጀምሮ ስድስት ወር።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? ጠጥተሃል?»

«አንድ ጭልፋ። በመዳፌም።»

«አንተም ስድስት ወር። እሑድ እሑድ መጥተህ ከጎኑ ትቆማለህ። አንዳችሁ ከቀራችሁ ሌላውን አላየውም።»

«አባታችን፣ እኔ እኮ ዜማ አላውቅም።»

«ቁም ነው ያልሁህ። አዚም መቼ አልሁህ?»

ቅዳሴው አለቀ። አስተዳዳሪው ስለ አጥሩ ጥገና ተናገሩ፤ ስለ ሰንበት ትምህርት ተናገሩ፤ በቃ። ሕዝቡ ይበተን ጀመር። ወይዘሮ እናኑ ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ ገና የሚነገር የቀረ መስሏቸው ነው። ሄድሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ማሰሮውን፣ ለውኃ ነው ማለቴን፣ መቅመሴን፣ ባለቤታቸው ለአስተዳዳሪው የመለሱትን። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«አውቄ ነው አለ? በራሱ አፍ?»

«በራሳቸው አፍ።»

ነጠላቸውን አጣፉ። «ስድስት ወር ነው ያሏችሁ?»

«ስድስት ወር።»

«ከእርስዎ ጋር?»

«ከእኔ ጋር።»

ከባዶ እግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «እንግዲያው በኅዳር እመጣለሁ» አሉ። «እስከዚያው ማሰሮ አይዋሱ።» የአንበሳሜ መኪና እንዳያመልጣቸው ወደ መናኸሪያው ፈጠን ብለው ሄዱ።

እኔ ተመልሼ ገባሁ። መሪጌታ ባዶው ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ቆመዋል። የት እንደሚቆም አላወቅሁምና ከኋላቸው ቆምሁ። ክንዴን ይዘው ወደ ጎናቸው ሳቡኝ።